ከቦርዶ ወይን እስከ ካምፓላ ሮቡስታ፦ የቀማሾች ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1855 ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ የፈረንሳይን ምርት ለዓለም የሚያሳይ ታላቅ ትርዒት በፓሪስ አዘጋጀ። ከቦርዶ የሚመጣው ወይን ጠጅ በደረጃ ተለይቶ እንዲቀርብ ስለተፈለገ የከተማዋ የወይን ደላሎች ዝርዝር እንዲያወጡ ተጠየቁ። ደላሎቹ ለዚህ ብለው አዲስ ውድድር አላካሄዱም። ወይኑ ለብዙ ዓመታት የተሸጠበትን ዋጋ ከመዝገባቸው አይተው የአካባቢውን ምርጥ ቀይ ወይን በአምስት ደረጃ ከፈሉት። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ እና ኦ ብሪዮን ከሁሉም በላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ አልፎም በአንደኛው ደረጃ ላይ የተደረገው ለውጥ አንድ ብቻ ነው፤ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ከፍ አለ።

በዚያው ዘመን፣ ከቦርዶ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የቡጋንዳ ሰዎች ሌላ ፍሬ ያከብሩ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ጆን ሃኒንግ ስፒክ በየካቲት 1862 ከካባካው (ከንጉሡ) ሙቴሳ ቤተ መንግሥት ሲደርስ፣ ዛሬ ካምፓላ በተንጣለለችባቸው ኮረብቶች ቡና ይታኘክ ነበር እንጂ አይጠጣም። ፍሬው ተለቅሞ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ይቀቀላል፤ ከደረቀ በኋላ በትንሽ ሙዳይ ለእንግዳ ይቀርባል። ሁለት ሰዎች ሙካጎ የሚባለውን የደም ወንድማማችነት ሲገቡ ደግሞ ከአንድ ፍሬ የወጡትን ሁለት ዘሮች በየደማቸው ነክረው ይዋዋጣሉ። ይህ ቡና ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ እዚያው ደን ውስጥ የበቀለ ነው። የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት በኋላ ኮፊያ ካኔፎራ አሉት፤ ገበያው ግን ሮቡስታ ይለዋል።

ወይኑ ደረጃ የሚያወጣለት ወዲያው አገኘ። የቦርዶን ወይን የሚቀምሱትና ደረጃውን የሚያወጡት ደላሎች የከተማዋ ሰዎች ነበሩ። የቡጋንዳን ቡና ግን ለቀጣዩ መቶ ዓመት የመዘኑት በለንደንና በኒው ዮርክ የተቀመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ካምፓላ የራሷን ቀማሾች አሠልጥና ሮቡስታ የሚመዘንበትን መለኪያ በማውጣት ረገድ ድርሻዋን እስክትይዝ ድረስ የተጓዘችው መንገድ ረጅም ነው፤ መንገዱም በወይን ጠጅ ሃያስያን ታሪክ በኩል ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቡና ቅምሻ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የተጀመረው በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ ገዢው ቡናን የሚመርጠው በዓይኑ ነበር፤ ትልቅና መልኩ ያማረ ፍሬ የተሻለ ዋጋ ያገኛል። ክላረንስ ቢክፎርድ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ደላላ የፍሬው ትልቅነት ስለ ስኒው ጣዕም ምንም እንደማይናገር ተረዳ፤ ቡናውን ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ ውኃ አፍስሶበት መቅመስ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ብዙም አልተለወጠም። ቀማሹ በመጀመሪያ የደረቀውን ዱቄት ያሸታል። የፈላ ውኃ ከተጨመረ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ላይ የተንሳፈፈውን አተላ በማንኪያ ሰብሮ እንደገና ያሸታል። ቀጥሎ በማንኪያ ጨልፎ ድምፅ እስኪወጣው ድረስ ይምገዋል፤ ከአፉ ጣሪያ እስከ አፍንጫው እንዲዳረስ አድርጎ ይተፋዋል።

ኡጋንዳ የብሪታንያ ጥበቃ ግዛት በሆነችበት ዘመን አረቢካ በ1900 አካባቢ ከኒያሳላንድ፣ ከዛሬዋ ማላዊ፣ መጣ። በኤልጎን ተራራ ላይ በቡጊሱ ምድር ተስማማው፤ በቆላው ግን የቅጠል ዝገት በሽታ ጎዳው። ሮቡስታ በሽታውን ስለሚቋቋም የቡጋንዳ ገበሬ ከሙዙ ጥላ ሥር ተከለው። ባቡር በ1931 ካምፓላ ገባ፤ ቡናው በቀጥታ ወደ ሞምባሳ ወደብ ይጓዝ ጀመር። ኔስካፌ በ1938 ለገበያ ከቀረበ፣ ይልቁንም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በሙቅ ውኃ የሚሟሟ ቡና የሚጠጣው ሰው በዛ፤ ለዚህ ደግሞ ርካሽና ብዙ ሮቡስታ ያስፈልግ ነበር። በ1950ዎቹ ቡና ጥጥን አልፎ የኡጋንዳ ዋና የወጪ ንግድ ሆነ።

ሆኖም ስለ ጣዕሙ የጠየቀ አልነበረም። ገበሬው በፀሐይ ያደረቀው ጀንፈል ኪቦኮ ይባላል። ሲፈለፈል ኤፍ.ኤ.ኪው የሚል ስም ይሰጠዋል፤ ትርጉሙም “መካከለኛና ተቀባይነት ያለው ጥራት” ማለት ነው። ከዚያ በወንፊት ተነፍቶ ስክሪን 18፣ 15፣ 12 እየተባለ በፍሬው መጠን ብቻ ይለይ ነበር። የፋብሪካው ገዢ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ዘንድሮ የሚመጣው ከአምናው እንዳይለይ። መልካም አድርጎ የለቀመና ያደረቀ ገበሬ ከጎረቤቱ የተለየ ዋጋ አያገኝም ነበር።

ከነጻነት በኋላ ይህ አሠራር ይበልጥ ጠበቀ። የቡና ገበያ ቦርድ በ1969 በወጣ ሕግ የወጪ ንግዱን በሞኖፖል ያዘ፤ በካምፓላ ቡጎሎቢ ያለው ግዙፍ የማበጠሪያና የማከማቻ ሕንፃ የሥልጣኑ ምልክት ሆነ። በጥር 1971 ኢዲ አሚን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። በቀጣዩ ዓመት የእስያ ተወላጆችን ሲያባርር የንግዱና የማቀነባበሪያው ሰንሰለት ተበጠሰ።

በሌላው ዓለም የጣዕም ጉዳይ ወደ ፊት እየመጣ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ ቡና አስመጪ ድርጅት በጸሐፊነት የተቀጠረች ኤርና ክኑትሰን የምትባል የኖርዌይ ተወላጅ ወደ ቅምሻ ክፍሉ መግባት ፈለገች። ወንዶቹ ቀማሾች ሴት ከገባች ሥራችንን እንለቃለን አሉ። እሷ ግን ትናንሽ ቡና ቆዪዎች ብቻ የሚገዙትን፣ ትልልቆቹ የናቁትን ጥቂት ኩንታል ምርጥ ቡና እየቀመሰች መሸጥ ጀመረች። በ1974 ለአንድ የንግድ መጽሔት በሰጠችው ቃለ መጠይቅ እነዚህን ቡናዎች “ስፔሻሊቲ” ብላ ጠራቻቸው። ዛሬ ከሲዳማ እስከ ኮሎምቢያ ገበሬውም ላኪውም የሚጠራው ስም ከዚያ የመጣ ነው።

በሐምሌ 1975 ብራዚልን ውርጭ መታት፤ የዓለም ዋጋ ናረ፤ በ1977 አንድ ፓውንድ ቡና ከ3 ዶላር በላይ ተሸጠ። የኡጋንዳ ገበሬ ከዚህ ያገኘው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ቦርዱ የሚከፍለው ዝቅተኛ ዋጋ፣ እሱም ዘግይቶ። ቡናው ማጌንዶ በሚባለው የጥቁር ገበያ መንገድ በሌሊት ድንበር ይሻገር ጀመር። ለመንግሥት የተረፈው የውጭ ምንዛሪ የአሚንን ወታደሮች አቆየ።

የወይን ጠጁ ዓለም ደግሞ በ1976 ተናወጠ። በፓሪስ የወይን ሱቅ የነበረው እንግሊዛዊ ስቲቨን ስፐሪየር በግንቦት 24 ዘጠኝ ስመ ጥር ፈረንሳውያን ዳኞችን ሰብስቦ የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይን ስማቸውን ሸፍኖ አስቀመሰ። ዳኞቹ ከሃያ ነጥብ ሰጡ። ስሙ ሲገለጥ በነጩም በቀዩም አንደኛ የወጡት የካሊፎርኒያዎቹ ሻቶ ሞንተሌና እና ስታግስ ሊፕ ነበሩ። በስፍራው የተገኘው ጋዜጠኛ የታይም መጽሔቱ ጆርጅ ቴበር ብቻ ነው፤ የእሱ አጭር ዘገባ ግን ዓለምን ዞረ። ስም ሲሸፈን የትውልድ ክብር ዋጋ እንደሌለው ያ ቀን አሳየ።

የወይን ጠጅ ትችትን ሙሉ ሙያ ያደረገው ሰው በዚያ ጊዜ በባልቲሞር የባንክ ጠበቃ ነበር። ሮበርት ፓርከር በ1947 በሜሪላንድ ተወለደ። በቤታቸው ወይን የሚጠጣ አልነበረም። በ1967 ለገና በዓል በስትራስቡርግ ትማር የነበረችውን ፍቅረኛውን፣ የኋላ ባለቤቱን፣ ሊጎበኝ ሄዶ እዚያ ከምግብ ጋር ወይን ለመደ። ሲመለስ ከጓደኞቹ ጋር የቅምሻ ማኅበር አቋቋመ፤ ሕግ ተምሮ በ1973 ተመረቀ፤ ቀን በባንኩ የሕግ ክፍል፣ ማታ ከጠርሙሶቹ ጋር ሆነ።

ያስቆጣው አንድ ነገር ነበር። በዘመኑ ስለ ወይን ይጽፉ ከነበሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ነጋዴዎች ወይም የነጋዴ እንግዶች ናቸው። አመስጋኝነታቸውን በብዕራቸው ይከፍላሉ፤ ደካማ ወይን እንኳ ከታላቅ ቤት ከመጣ ይወደሳል። ለሸማቾች መብት ይሟገት በነበረው በራልፍ ናደር ሥራ የተመሰጠው ወጣት ጠበቃ፣ ለገዢው ብቻ የሚቆም ጽሑፍ እንደሚያስፈልግ ወሰነ። በነሐሴ 1978 የመጀመሪያውን እትም አወጣና ከወይን ሱቆች በገዛው የደንበኞች አድራሻ በነጻ ላከው። ማስታወቂያ አይቀበልም። ወይኑን ከ50 እስከ 100 ባለው ነጥብ ይመዝናል፦ 50 መነሻ፣ ለመልክ 5፣ ለመዓዛ 15፣ ለጣዕም 20፣ ለአጠቃላይ ደረጃና ለወደፊት ተስፋ 10። ፈተና ወድቆ ወይም አልፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ 92 እና 71 ምን እንደሚለያዩ ሳይነገረው ያውቃል። በሚቀጥለው ዓመት ጽሑፉ “ዘ ዋይን አድቮኬት” ተባለ።

ያ 1978 ለካምፓላ ሌላ ዓመት ነበር። አሜሪካ በዚያን ጊዜ ከኡጋንዳ ቡና አንድ ሦስተኛ ያህሉን ትገዛ ነበር። ኮንግረሱ በአሚን አገዛዝ ግፍ ምክንያት ከኡጋንዳ ጋር የሚደረገው ንግድ እንዲቆም ወሰነ፤ ሕጉ በጥቅምት ጸደቀ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ጠበቃ ስለ እያንዳንዱ የወይን እርሻ አፈር መጻፍ በጀመረበት ዓመት፣ የቡጋንዳ ቡና በአሜሪካ ጆሮ የሚታወቀው በገዢው ስም ብቻ ነበር። አሚን በሚያዝያ 1979 የታንዛኒያ ጦር ካምፓላን ሲይዝ ሸሸ።

ፓርከርን ትልቅ ያደረገው የ1982 የቦርዶ መኸር ነው። በ1983 የጸደይ ወራት ወይኑን ገና በበርሜል ሳለ ቀምሶ ከዘመኑ ታላላቆች አንዱ እንደሚሆን ጻፈ። የታወቁ አሜሪካውያን ጸሐፊዎች ተጠራጠሩ፤ ፍሬው በጣም በስሏል፣ ዕድሜ አይኖረውም አሉ። እሱ አልተመለሰም። አንባቢዎቹ ገዙ፣ ዋጋው ወጣ፣ ጊዜም እሱን አጸደቀው። በ1984 ጥብቅናውን ተወ። አፍንጫውና ምላሱ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ ተገባላቸው። የፈረንሳይ መንግሥትም ሸለመው፤ በ1999 ፕሬዚዳንት ሺራክ የክብር ሌጂዮን ኒሻን አደረጉለት። ቀደም ብሎ፣ በዚያው በ1984፣ እንግሊዛዊቷ የወይን ጸሐፊ ጃንሲስ ሮቢንሰን ከወይን ንግድ ውጭ ካሉ ሰዎች መካከል “ማስተር ኦቭ ዋይን” የተባለውን የወይን ሙያ ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። እሷ እስከ ዛሬ ከሃያ ትመዝናለች፤ ከቁጥሩ ይልቅ በማብራሪያው ታምናለች።

የነጥቡ ኃይል ጉዳትም ነበረው። ፓርከር 90 የሰጠው ጠርሙስ ከመደርደሪያ ይጠፋ ነበር፤ ከዚያ በታች ያገኘው ይቀመጥ ነበር። አንዳንድ ጠማቂዎች የአካባቢያቸውን ጠባይ ትተው ለእሱ ምላስ የሚስማማ፣ የበሰለና የወፈረ ወይን መሥራት ጀመሩ። በ2004 የወጣው “ሞንዶቪኖ” የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም የጣዕም መመሳሰልን የዘመኑ ትልቅ አደጋ አድርጎ አቀረበው። አንድ ሐቀኛ ቀማሽ ብዙ ገዢዎችን ከመታለል ያድናል፤ አንድ ቀማሽ ብቻ ሲኖር ግን የሺህ አካባቢዎች ጣዕም ለአንድ ሰው አፍ ይገዛል።

ቡና የወይኑን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ወሰደ። የአሜሪካ ስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር በ1982 ተመሠረተ። ቴድ ሊንግል በ1980ዎቹ ለቀማሾች የሚሆን መመሪያ መጽሐፍ ጻፈ፤ በኋላም ማኅበሩን ለዓመታት መራ። በ1981 የወይን መዓዛዎችን በትናንሽ ብልቃጦች ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ዣን ለኗር በ1997 ለቡናም 36 መዓዛዎች ያሉት ሣጥን አወጣ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው የቡና ጸሐፊ ኬኔት ዴቪድስ ቡናን በወይን ሃያሲ መንገድ ከመቶ እየመዘነ መተቸት ጀመረ። በ1999 በብራዚል የመጀመሪያው የምርጥ ቡናዎች ውድድርና ጨረታ ተካሄደ፤ “ካፕ ኦቭ ኤክሰለንስ” የሚባለው የዚያ ተከታይ ነው። የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበሩ የቅምሻ ቅጽ አሥር መስፈርት ነበረው፤ ለእያንዳንዱ አሥር ነጥብ። 80 ያገኘ ስፔሻሊቲ ይባል ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የአረቢካ ጉዳይ ነበር።

ኡጋንዳ በበኩሏ አሚን ከሸሸ በኋላም ከቀጠለው ጦርነት እየወጣች ነበር። በ1989 ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ ሲፈርስ ዋጋው አሽቆለቆለ፤ የቡና ገበያ ቦርዱ ለገበሬው መክፈል አቃተው። በ1991 ንግዱ ለግል ላኪዎች ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት በሕግ የኡጋንዳ ቡና ልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ። ባለሥልጣኑ ቡና አይገዛም፣ አይሸጥም ነበር፤ ሥራው ላኪዎችን መመዝገብ፣ ጥራትን መቆጣጠርና ከአገር የሚወጣው ቡና የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ማድረግ ነበር። ቅምሻ በካምፓላ ከመግዛትና ከመሸጥ ተለይቶ የመንግሥት ኃላፊነት የሆነው እዚህ ላይ ነው። በ1994 ብራዚልን ዳግም ውርጭ ሲመታት ኡጋንዳውያን ገበሬዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋጋ ሲወጣ በኪሳቸው አዩት። በ1996/97 የወጪ ንግዱ ከ4 ሚሊዮን ከረጢት በላይ ደረሰ፤ አንዱ ከረጢት 60 ኪሎ ነው።

ደስታው አልቆየም። በ1993 በአገሪቱ ምዕራብ የታየው ቡናን የሚያጠወልግ በሽታ ወደ ቡጋንዳ ተዛመተ። የአባት የአያት የሮቡስታ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው በቁማቸው ደረቁ፤ ምርቱ ለዓመታት ወደ ኋላ ተመለሰ። የኪቱዛ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን እስኪያወጡ ድረስ ብዙ ጊዜ አለፈ። በምርቱ ብዛት በማይተማመኑበት ጊዜ ጥራት አማራጭ መሆኑ ቀረ፤ ግዴታ ሆነ።

በ2000 የምሥራቅ አፍሪካ ምርጥ ቡናዎች ማኅበር ተመሥርቶ ጽሕፈት ቤቱን ካምፓላ አደረገ፤ ኢትዮጵያም አባል ነች። ማኅበሩ በኋላ ስሙን ወደ አፍሪካ አሰፋ። በየአገሩ የቅምሻ ውድድር ያዘጋጃል፣ ቀማሾችን ያሠለጥናል፣ ዳኞችን ያሰባስባል። በሌላ በኩል የቡና ጥራት ኢንስቲትዩት “ኪው ግሬደር” የተባለውን የአረቢካ ቀማሽ ፈቃድ መስጠት ጀመረ። የካምፓላ ሰዎች ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም፤ ከምርታችን አምስት እጅ አራቱ ሮቡስታ ነው፣ በምን ይመዘን?

የአረቢካን ቅጽ መጠቀም ፍትሐዊ አልነበረም። የአረቢካ ቅጽ ደማቅ ኮምጣጣነትን ይሸልማል፤ ሮቡስታ በተፈጥሮው ይህ የለውም። ካፌይኑ የአረቢካን እጥፍ ያህል ነው፤ አፍ ውስጥ ይከብዳል፣ ይመራል። ስለዚህ በቅጹ ፊት ሲቀርብ ገና ሳይቀመስ ተሸንፎ ይቀርብ ነበር። በሻይ መለኪያ ጠላን እንደመመዘን ነው።

መልሱ በ2010 መጣ። ሊንግል ይመራው የነበረው የቡና ጥራት ኢንስቲትዩት ከኡጋንዳ ቡና ልማት ባለሥልጣን ጋር ሆኖ የ“ፋይን ሮቡስታ” መለኪያን አወጣ። በአዲሱ ቅጽ ኮምጣጣነት ብቻውን አይመዘንም፤ ከጨዋማነት ጋር ያለው ሚዛን ይታያል። ምሬት ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ከጣፋጭነት ጋር ያለው ሚዛን ይመዘናል። የአፍ ውስጥ ክብደት፣ ከተተፋ በኋላ የሚቀረው ጣዕም፣ የአምስቱ ስኒዎች መመሳሰልና ንጽሕና የየራሳቸው ነጥብ አላቸው። 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ፋይን ሮቡስታ ይባላል። ይህን የሚመዝነው ባለ ፈቃድ ቀማሽ “አር ግሬደር” ተባለ። የዓለም ሮቡስታ የሚዳኝበት ሕግ ሲጻፍ የኡጋንዳ ተቋም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሆኖ ተቀመጠ።

አር ግሬደር መሆን ቀላል አልነበረም። ተፈታኙ ለበርካታ ቀናት በተከታታይ ይፈተን ነበር። መሠረታዊ ጣዕሞች በውኃ ተሟሟተው ይቀርቡለታል፤ የትኛው የቱ እንደሆነና ምን ያህል እንደጠነከረ ይለያል። የለኗር ብልቃጦች ስማቸው ተሸፍኖ ይሰጡታል፤ በአፍንጫው ብቻ ይለያቸዋል። መልክ እንዳያታልለው በቀይ መብራት ሥር ሦስት ስኒ ይደረደርለታል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ባዳውን ማውጣት አለበት። ያልተቆላውን ቡና በዓይኑ መርምሮ ጥቁሩን፣ የተነቀዘውን፣ የሻገተውን ይቆጥራል። ካለፈም በኋላ በየሦስት ዓመቱ ምላሱ ከሌሎች ባልደረቦቹ ምላስ ጋር መግጠሙን ዳግም ማስመስከር ነበረበት። ፓርከር ማንም ሳይፈትነው በራሱ ምላስ ተማምኖ ዓለምን ዳኘ። የቡናው ዓለም ከእሱ ነጥቡን ወሰደ፤ ብቸኝነቱን ግን አልወሰደም። የካምፓላ ቀማሽ ውሳኔ የሚጸናው ከጎኑ ያሉት ቀማሾች በተቀራራቢ ነጥብ ሲገናኙ ነው።

የቀማሹ ብዕር ወደ ማሳ ሲወርድ ለውጥ ያመጣል። “ሻጋታ ይሸታል” ብሎ የጻፈ ቀማሽ ቡናው በባዶ መሬት ላይ መድረቁን እየተናገረ ነው፤ መፍትሔው አልጋ ላይ ማድረቅ ነው። “ሣር ሣር ይላል” ካለ ገበሬው አረንጓዴውን ከቀዩ ቀላቅሎ መልቀሙን አውቋል። የኡጋንዳ ሮቡስታ የሚበቅለው ከባሕር ጠለል በላይ ከ900 እስከ 1,500 ሜትር ባለው ምድር ነው፤ ይህ ለሮቡስታ ከፍተኛ ቦታ ነው፣ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል። በቀይ እሸቱ ተለቅሞ ሲታጠብ ጥሩ ቀማሽ ቸኮሌትና ለውዝ ያገኝበታል። ይህ ጣዕም ቀድሞም እዚያው ነበረ፤ የጎደለው ለይቶ ስም የሚሰጠውና ዋጋ የሚጠይቅለት ሰው ነው።

የወይኑ ሃያሲ ዘመን በዚህ መካከል አለቀ። ፓርከር በ2012 አብዛኛውን ድርሻውን ለሲንጋፖር ባለሀብቶች ሸጠ፤ በ2019 ከሥራው በይፋ ተሰናበተ፤ በዚያው ዓመት ሚሼሊን የጽሑፉን ድርጅት ሙሉ በሙሉ ጠቀለለው። እሱን የተካ አንድ ሰው አልመጣም፤ ሥልጣኑ በብዙ ቀማሾች መካከል ተከፋፈለ።

ይህ ታሪክ ለኛ ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ በ2008 በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት የምርት ገበያን ስታቋቁም የየአካባቢው የቅምሻ ማዕከላት ቀማሾች ቡናውን ባለቤቱን ሳያውቁ መመዘን ጀመሩ። ፍትሑ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የአንድ ገበሬ ምርጥ ቡና ከሌላው ጋር በአንድ ደረጃ ሲደባለቅ ስሙ ጠፋ። በ2020 ካፕ ኦቭ ኤክሰለንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ሲገባ ከ1,400 በላይ ናሙናዎች ቀረቡ። አንደኛ የወጣው ከሲዳማ የአቶ ንጉሤ ገመዳ ቡና ነበር፤ ከ91 ነጥብ በላይ አገኘ፣ በጨረታውም አንድ ፓውንዱ ከ180 ዶላር በላይ ተሸጠ። ቀማሹ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን የገበሬውን ስምም ሲጽፍ ዋጋው የት እንደሚደርስ ያ ጨረታ አሳየ።

ኡጋንዳ በ2020/21 ከ6 ሚሊዮን ከረጢት በላይ ቡና ላከች፤ ከበሽታው በፊት የነበረውን ሁሉ አለፈች። በኅዳር 2024 ግን የኡጋንዳ ፓርላማ፣ አባላቱ እስከ መደባደብ በደረሱበት ስብሰባ፣ የቡና ልማት ባለሥልጣኑ ፈርሶ ሥራው ወደ ግብርና ሚኒስቴር እንዲዛወር የሚያደርገውን ሕግ አጸደቀ። መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ነው አለ። ብዙ የቡጋንዳ ፖለቲከኞችና የቡና ሰዎች ግን ተቃወሙ፤ በሠላሳ ዓመት የተገነባ የጥራት እምነት ይናጋል ብለው ሰጉ።

ስጋታቸው ተገቢ ነው። ቤተ ሙከራና ስኒ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በመኪና ይሄዳል፤ የቀማሽ ነጻነት ግን እንዲሁ አይጓጓዝም። ፓርከርን ያስከበረው ማስታወቂያ አለመቀበሉ ነው፤ የካምፓላን ቀማሾች ያስከበረው ደግሞ ባለሥልጣኑ ራሱ የማይገዛና የማይሸጥ መሆኑ ነበር። ሚኒስቴሩ ይህን ከጠበቀ ፋይን ሮቡስታ ይቀጥላል፤ ካልጠበቀ ገዢው ወደ ራሱ ቀማሾች ይመለሳል፣ ገበሬውም ወደ ኤፍ.ኤ.ኪው ዋጋ።

ለእኛም የሚቀረን ሥራ አለ። ጅማ፣ ሐዋሳና ዲላ ያሉ የሠለጠኑ ቀማሾች በየቀኑ የሚያውቁት ነገር በቅጽና በላኪ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ መቅረት የለበትም። የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የሲዳምኛ ጋዜጦችና መጽሔቶች ስለ ቡና ጣዕም የሚጽፍ ቋሚ ዓምድ ይክፈቱ፤ ቀማሾቹም ብዕር ያንሱ። የጌዴኦ ገበሬ ቡናው ምን እንደሚል በራሱ ቋንቋ ያንብብ፤ ከገዢ ጋር ሲደራደርም ያነበበውን ይዞ ይቅረብ።